አማት ቤት ታጥባ የምትመጣ መኪና

ወልድያ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ የሚል ካለ ያምጣውና ልየው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣሉ መኪኖችን እየፈታሁ ራሴን አስተማርኩ። ባለፈው ክረምት የልጄ ባል መኪና ስታሞኘኝ የያዘኝ ንዴት ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሰውየው መርሳ ላይ ማንጎ ይነግዳል። ልጄ ወሯ ገብቶ ነበር። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ማዶ ስለሆነ አስፋልቱ ጋ ለመድረስ ጭቃ ዳገት መውጣት ግድ ነው። ምጥ ቢመጣ ሆስፒታል የምታደርሳት ያቺው መኪና ብቻ ናት።

መኪናዋ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ናት። በየጎማው ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። አንዱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ግራ ይገባውና ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት አብርቶ የኋላውን ጉልበት ይቆርጣል፤ ያኔ ዳገቱ ላይ ተንሸራትቶ መቅረት ነው።

ያቺ መብራት በራችብኝ ብሎ ወልድያ አመጣልኝ። ኮምፒውተሩን ስጠይቀው የኋላ ቀኙን ሴንሰር ከሰሰ። ጎማውን አንስቼ በእጄ እያሽከረከርኩ በቴስተር ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። ቢሆንም በአዲስ ቀየርኩት። መርሳ በገባ በማግስቱ ደወለ።

«አባባ፣ ያቺ መብራት ደግሞ በራች።»

እንደገና አመጣት፣ እንደገና ለካሁ፤ ምንም የለባትም። ሄደ፤ ደወለ።

«መብራቷን ብቻ ቢያጠፉልኝስ? እዚህ አንዱ አምፖሏን ልንቀላት ብሎኛል።»

«አንተንስ ራስህን ሲያምህ አንገትህን ይቆርጡልሃል?» አልኩና ዘጋሁበት።

ልጄን ዳገት ላይ ሊያስቀርብኝ ነው! ቴስተሬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ሳልነግረው መርሳ ደረስኩ። ግቢው ስገባ መኪናዋ በጭቃ ተለቅልቃ፣ ጣራዋ ላይ የማንጎ ሳጥን ተቆልሎባት ቆማለች። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ ገመዱን ለመፍታት ሮጠ።

«ቆይ አባባ፣ ላራግፋትና ልጠባት። እንዲህ ሆና አይዩዋት።»

«አትንካት!»

ያኔ ገባኝ። እኔ ጋ ሲመጣ ሁልጊዜ አራግፎ፣ ወንዝ ውስጥ አጥቦ ነው። አማት ቤት በጭነትና በጭቃ መግባት ነውር ነው ብሎ! በሽታዋን አጥቦ፣ ጤነኛዋን ያሳየኛል።

ከሥር ገባሁ። የጭነቱ ገመድ ከጣራ ወርዶ ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀርባ ካለው ብረት ጋር ተቋጥሯል። የሴንሰሩ ሽቦ ከቋጠሮው ሥር ተጨፍልቋል። ጎማውን አሽከረከርኩ፤ ቴስተሩ ዝም አለ። ገመዱን ፈታሁ፤ ቴስተሩ መለሰ። ሌላ ማን ያገኘው ነበር? ማንም።

«ወላሂ አባባ፣ ያሰርኩት ሽቦ ያለበት አልመሰለኝም።»

«ምን ይመስልሃል አንተ!»

የተጎዳውን ቆርጬ በብየዳ ቀጠልኩት፤ ውሃ እንዳይገባው አሸግኩት። ሰውየው አጠገቤ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል።

«አሁን ሳጥኖቹን መልሼ ልሰር? ነገ እሷን ለምርመራ ሆስፒታል ሳደርስ በዚያው ገበያ...»

«ወሯ ከገባ ሴት ጋር ማንጎ ልትጭን!» ጩኸቴን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ቁልፉን ከእጁ ቀማሁና ልጄን ጠራኋት። «ልብስሽን ያዢ፤ ምጡን ወልድያ እኔ ቤት ሆነሽ ትጠብቂዋለሽ።»

ሳጥኖቹን ግቢው ውስጥ አስወረድኩት። ዳገቱን ራሴ ነዳሁ፤ መብራቷ አልበራችም፣ አራቱም ጎማ ጭቃውን እየቧጠጠ አወጣን። እሱ ከኋላ ተቀምጦ የልጄን የልብስ ጓዝ ታቅፏል። ስለ ማንጎው አንዲት ቃል ቢተነፍስ እዚያው አወርደው ነበር።