ታደለች ይዛው የሄደችው ቡና ማፍያ

ከካርቱም የወጣሁ ዕለት ደንበኞቼ የጠጡበትን ሲኒ እንኳ አላጠብኩም። ቀትር ነበር፤ ፀሐይዋ ሰውን ከመንገድ ጠርጋ ቤት የምታስገባበት ሰዓት። የጎረቤቴ የሱዳናዊቷ ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ፦ «ሐበሺያ! አውቶቡስ አለ፣ ሌላ ላይኖር ይችላል፣ ተነሺ!» አለችኝ። ተነሣሁ። በስተሰሜን የጦርነቱ ጢስ በሦስት ቦታ ቆሟል። ደንበኞቼ የሚቀመጡባቸውን ዱካዎች ከኒም ዛፉ ሥር እንደተደረደሩ ትቼ፣ አንድ ሻንጣ አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

እናንተ አብራችሁኝ በዚያ ጎዳና ቡና በዝንጅብል ስትሸጡ የኖራችሁ፣ አሁን ካይሮ ያለሽው፣ ጁባ የገባሽው፣ ፖርት ሱዳን ላይ መርከብ የምትጠብቂው፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። «ሙሉማ አገሯ ገባች፣ ተገላገለች» እንደምትሉ አውቃለሁ። ገብቻለሁ። መገላገሉን ግን ራሳችሁ ፍረዱ።

በሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ጋር አንድ የጣልያን ቡና ማፍያ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ምግብ የማበስልላቸውን ሽማግሌ አስተማሪ ታስታውሷቸዋላችሁ፤ እሳቸው የሰጡኝ ናት። የሰውዬው ኩሽና የማፍያ መደብር ይመስል ነበር፦ እጀታው የረዘመ የቱርክ መጥበሻ መሳይ፣ ወረቀት ተደርጎበት ከላይ ውኃ የሚፈስበት ብርጭቆ፣ በእጅ የሚዞር መፍጫ፣ ምኑ ቅጡ። እኔ የወደድኩት ግን ይህችን ነበር። ታች ውኃ ይደረጋል፣ መሐል በወንፊቱ ላይ ቡናው ይቀመጣል፣ ከላይ ተጠምዝዞ ይገጠማል፤ እሳት ላይ ስትጣድ ውኃው በእንፋሎቱ ተገፍቶ በቡናው መሐል አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። «እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዢ ውበቱን አትይ፤ መተንፈሻውን እዪ» ይሉኝ ነበር፣ ከጎኗ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ መሳይ ነገር በጥፍራቸው እየነኩ። «ቡናው ቢደፈንበት እንፋሎቱ በዚህ ይወጣል። ይህ ከሌለ ቦምብ ገዝተሻል ማለት ነው።»

ድንበሩ ላይ የፈተሸኝም ሰው ቃሉን አልሳተም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቡና ማፍያ ነው።»

«ቡና የሚፈላው በጀበና ነው። ይሄ ቦምብ ነው የሚመስለው።»

ፈትቼ ሦስት ቦታ አደረግኩለት። ወንፊቱን በብርሃን አየና «ኢትዮጵያዊ ነሽ?» አለኝ።

«አማርኛዬን አትሰማም እንዴ?»

«አማርኛ እዚህ ሁሉም ይችላል። አህዮቹም ይችላሉ።» ማፍያዬን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ። «ይሄ ይጣራል።» እስካሁን እየተጣራ ነው።

ታናሽ እህቴ ብርቱካን ከባሏ ከደረጀ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። በክረምቱ መግቢያ ደረስኩ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ካርቱም ውስጥ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለን አንገታችን ላይ የምናደርገው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እዚያ እያለሁ ሽሮ ያስለቅሰኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ፉል በሰሊጥ ዘይት አማረኝ። ያ ስስ የማሽላ እንጀራቸው፣ ኪስራ፣ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ጎረቤቱ ሁሉ የብረት በር ነው። በዚያ «ተፈደሉ፣ ኑ ብሉ» ሳይባል የሚታለፍ ማዕድ አልነበረም፤ እዚህ ደረጃ ላይ ሰላም ያልኳቸው ሰዎች ምን ልትለምነን ነው ብለው ነው መሰለኝ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ከታች ያሉት ጡረተኛ እትዬ በላይነሽ ብቻ ናቸው ቆመው ከየት እንደመጣሁ የጠየቁኝ።

የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ወረዳ ሄድኩ።

«መሸኛ አምጪ» አለችኝ ልጅቷ።

«ከየት?»

«ከነበርሽበት።»

«የነበርኩበት ተቃጥሏል።»

«እሺ፣ መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ።»

ያለ መታወቂያ ሥራ የለም። ቡና ልሽጥ ብል የሕንጻው ኮሚቴ በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ከልክሏል። ደረጀ ነው መላውን ያመጣው። አቃቂ በሰቃ ትንሽ የቤት ዕቃ ሱቅ አለችው። «እትዬ ሙሉ፣» አለኝ እራት ላይ፣ «እነዚያ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት የሚሠሩት ልጆች ከፈረቃ ሲመለሱ ከሰል የሚያያይዙበት ጉልበት የላቸውም። አንቺ የምታወሪለትን ማፍያ ላምጣና አንቺ አፍልተሽ እያቀመስሽ እንሽጥ።»

መርካቶ አብረን ሄድን። ነጋዴው ዓይነቱን ሁሉ ደረደረልኝ። እንዴት እንደመረጥኩ ልንገራችሁ፤ እናንተም አንድ ቀን ትገዙ ይሆናል። መጀመሪያ ጥምዙን ፈትቼ ገጠምኩት፤ የሚንገጫገጨውን ተውኩ። ላስቲኩን አሸተትኩ፤ ጎማ ጎማ የሚለው ቡናውንም ጎማ ያደርገዋል። መጠኑን ትንሽ አደረግኩ፤ እነዚህ ማፍያዎች ሙሉ ካልሆኑ ጥሩ አያፈሉምና ለሁለት ሰው የሚሆነው ይሻላል። በመጨረሻ መተንፈሻውን ከውስጥ በኩል አየሁ፤ ቀዳዳው አለ፤ ጫፏን በስፒል ብገፋት ተመልሳ ብቅ አለች። «ይሄ ነው» አልኩ። ከጎኑ በእጅ የሚዞር መፍጫም መረጥኩ፤ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ቡና እንደ ዱቄት ስለሚደቅ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ደረጀ ናሙናውን ወደ ቤት ይዞ ሌላውን በካርቶን አዘዘ።

ካርቶኖቹ መጡ፤ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም ያው። እኔ ሱቁ በር ላይ በናሙናው እያፈላሁ አቀምሳለሁ፣ ደረጀ ይሸጣል። የፋብሪካ ልጆች ከሰርቪስ ሲወርዱ ይከቡኛል። ከሁሉም የምትቀርበኝ ታደለች የምትባል የወላይታ ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጣቷ ሁልጊዜ በመርፌ የተወጋ። መፍጫውን ሁሉም ተወው፤ «ወፍጮ ቤት እያለ ማን እጁን ያዞራል?» ይላሉ። ማፍያውን ግን ወደዱት።

«እትዬ ሙሉ፣ ለእናቴ ልወስድላት ነው፣» አለችኝ ታደለች ለመስቀል አገሯ ልትሄድ ስትል። «ጢስ ዓይኗን ጨርሶታል። ይሄ በቡታጋዝ ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል። ብቻ ቡናውን አትጠቅጥቂው በያት።»

«እኔው አሳያታለሁ» ብላ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ካርቶኑን ያወረድኩላት እኔ ነኝ።

መስቀል ባለፈ ሰሞን የናሙናው እጀታ ለቀቀና ከሱቁ አንድ አዲስ አምጥቼ እቤት ጣድኩ። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ቡና ነበር ያለኝ። ጠበቅኩ። ናሙናው ቢሆን ይህን ጊዜ ያፏጫል፣ ሲጨንቀው በመተንፈሻው ፉት ፉት ይላል። ይሄ ግን ዝም አለ። ምንም ጠብታ ወደ ላይ አልወጣም። ዝም ብሎ ምድጃው ላይ በጣም በቀስታ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህን ዓይነት ዝምታ ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ላይ አውሮፕላኑ ከዞረ በኋላ የሚመጣው ነው። እሳቱን አጥፍቼ ከኩሽና ወጣሁና በሩን ዘጋሁ።

ሲበርድ ፈታሁት። ከውጭ መተንፈሻው ያበራል። ከውስጥ ግድግዳው ድፍን ነው። ቀዳዳ የለውም። ቁልፍ መሳዩን ነገር ለይስሙላ ከውጭ ለጥፈውታል። ሱቁ ሄጄ ሌላ ካርቶን ከፈትኩ፤ ያው። ሌላም፤ ያው። ቀድሜ አንዱን እንኳ ገልብጬ አለማየቴ ያንገበግበኛል።

ደረጀን ጠርቼ አሳየሁት። ጣቱን ወደ ውስጥ ሰድዶ ዳሰሰ።

«እና ምን ይሆናል?»

«ይፈነዳል።»

«እስካሁን ፈንድቷል?»

«ደረጀ፣ የሸጥከውን ሰብስብ።»

«እትዬ ሙሉ፣» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚያናግር ሰው፣ «አንቺ ከየት እንደመጣሽ አውቃለሁ። በር ሲዘጋ ትደነግጫለሽ። ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ጠረጴዛ ትይዣለሽ። ሁሉም ነገር የሚፈነዳ ይመስልሻል። አልፈርድብሽም።»

ብርቱካንም ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። እህቴ! እኔም ማታ ላይ ራሴን ጠረጠርኩ። ምናልባት እውነትም ጦርነቱ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ቢሆንም ከሱቁ የቀሩትን ካርቶኖች ወደ ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩባቸው፤ ደረጀም ሊያባብለኝ ብሎ አልከለከለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው የሆነው። ልብስ ሳሰጣ የፍንዳታ ድምፅ ከታች መጣ። ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ተኝቼ እጆቼን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነው። ከዚያ የሴት ጩኸት ሰማሁና ገባኝ፤ እትዬ በላይነሽ! ደረጃውን በባዶ እግሬ ወረድኩት። ደረጀ ከኋላዬ ነበር። በሩን በትከሻው ገፋው።

ለካ እሳቸውም ከደረጀ ገዝተው ኖሯል፤ የማፍያው የላይኛው ክፍል ጣራው ላይ ተሰክቷል። ግድግዳው ሁሉ ቡና ነው። እትዬ በላይነሽ ከመታጠቢያው ሥር ተቀምጠዋል፤ ከአንገታቸው እስከ ክንዳቸው ቆዳቸው ተነሥቷል። ጋዙን ዘጋሁ። ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ አመጣሁና አፈሰስኩላቸው።

«ሙሉዬ፣» አሉኝ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «አንዱን ለመጠጣት እንዲህ ከሆነ ሦስቱን የሚጠጣው ማነው?»

እሳቸው እየቀለዱ ደረጀ ያለቅሳል። በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ሁሉ አወረዳቸው። ሕክምና አደረስናቸው። በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት መጥቶ «እትዬ ሙሉ፣ ከየት እንጀምር?» አለኝ።

በር ለበር ዞርን። በሰቃ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የፋብሪካ ልጆች ተሰብስበው የሚከራዩአቸው ክፍሎች። ማን እንደገዛ ደረጀ ያስታውሳል፤ እሱ የረሳውን እኔ በመልክ አውቃለሁ። አንዳንዱ አመስግኖ ሰጠን። አንዷ አከራይ በሩን ገርበብ አድርጋ «አልሰጥም» አለችን።

«እመቤት፣ ይፈነዳል!»

«አብሮኝ ይፈንዳ። እንዲህ የሚጣፍጥ ቡና ጠጥቼ አላውቅም። በርካሽ ሸጣችሁልኝ ተጸጽታችሁ ነው።» የጣራውን ፎቶ በስልክ ስናሳያት ነው በጨርቅ ይዛ፣ እንደ እባብ አርቃ ያወጣችው።

የእትዬ በላይነሽ ክንድ ቀስ በቀስ ዳነ፤ አንገታቸው ላይ ጠባሳ ቀረ። ማፍያዎቹን ደረጀ በመዶሻ ጠፍጥፎ ቁርጥራጭ ለሚገዙ ሰጠ። አንዱ ብቻ ቀረ።

ታደለች ከመስቀል አልተመለሰችም። ስልኳ ተዘግቷል። አብራት ትኖር የነበረችው ወርቅነሽ የእናትየዋን ቁጥር ፈልጋ አገኘችልኝ፤ እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ቋንቋውን ትችላለች። ከፈረቃ በኋላ እየተገናኘን ደወልን፣ ደወልን። ኔትወርክ የለም። መልእክት ላክን፤ ማን ያነበዋል? ሌሊት ስነቃ የማላውቃት ሴት ጎንበስ ብላ፣ በደከመ ዓይኗ ምድጃው ላይ ያለውን ነገር በቅርብ ስታይ ይታየኛል። ለምን ዝም አለ ብላ ትጠጋዋለች።

ዛሬ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ደወልኩ። ጠራ። ከዚያ ተነሣ።

«ሃሎ?» የአሮጊት ሴት ድምፅ ነው፤ አማርኛቸው ስብርብር ያለ።

«እናቴ! የታደለች እናት ነዎት?»

«ታደለች የለም። ታደለች አረብ አገር ሄደ።»

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ ልጅ! እኛ ሸሽተን የመጣንበትን መንገድ ጀመረችው!

«እናቴ፣ ታደለች ያመጣችልዎት ቡና ማፍያ... ብረቱ...»

«ቡና? አለ፣ አለ! ታደለች ያመጣው፣ ቆንጆ ነው።»

«እሳት ላይ አያድርጉት! እሳት፣ አይሆንም! ይጣሉት!»

«እሳት፣ እሺ። እስካሁን አላደረገም። እንግዳ ሲመጣ ነው። ነገ እንግዳ ይመጣል።»

«አይደለም፣ እናቴ! አይሆንም!» እጮኻለሁ። መንገደኞች ቆመው ያዩኛል። እኔም ካርቱም በገባሁበት ዘመን ሰው ሲጮኽብኝ ቃሉ አይገባኝም ነበር፤ ስለዚህ ፈገግ ብዬ «እሺ» እል ነበር። እኚህ ሴትም በስልኩ ውስጥ ፈገግ ሲሉ ይሰማኛል።

«እሺ፣ እሺ» አሉኝ። «አንተ የታደለች ሰው ነው? ና። ቡና ጠጣ።»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይቻልም» ይለኛል። ሱቁን ለደረጀ ትቼ ሚኒባስ ይዤ ቂሊንጦ መጣሁ። ፋብሪካው በር ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። በቋንቋቸው የምትነግርልኝ ወርቅነሽ ከፈረቃ አልወጣችም፤ ዘበኛው አላስገባም ብሎኛል። አንድ እጄ ይጽፋል፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዣለሁ። አሁንም አይጠራም።