ሳሙና፣ ሰም፣ አጥንት

ታላቅ እህቷ በግራ ጎኗ ብቻ ነው የምታኝከው። በቀኝ በኩል ከታች ሁለት ጥርስ የላትም። ዳቦ ስትጎርስ ጉንጯ በአንድ ወገን ይነፋል፤ ለውዝ አትሞክርም፤ ሥጋ ከቀረበም እንደ ሕፃን ምግብ አድቅቃ ትከታትፈዋለች። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ስትበላ ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ አማርራ አታውቅም። ታናሽየዋ ግን ገበታ በቀረቡ ቁጥር ዓይኗን የት እንደምታሳርፈው ይጠፋታል። ያ ጥርስ የሄደው በእሷ እጅ ነዋ። ለምን እንደሄደም የምታውቀው፣ እሷ እስከምታውቀው ድረስ፣ እሷ ብቻ ናት።

ታናሽየዋ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ለመሆን የሚማሩ ወጣቶች ናቸው፤ ከትምህርቱ ሁሉ የእሷ ድርሻ ጥርስ መሙላት ነው። ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ሐኪሙ የነቀዘውን ጥርስ ሰርስሮ ያጸዳና ጉድጓዱን ትቶ ወደሚቀጥለው ወንበር ያልፋል። ከዚያ ባለሙያዋ ትመጣለች። በጥርሱ ዙሪያ ስስ የብረት ቀበቶ ታስራለች፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ትሰካለች፣ ሙሌቱን በስሱ በስሱ እየደራረበች በሰማያዊ መብራት ታደርቃለች፣ ቀርጻ ጥርስ ታስመስለዋለች። በመጨረሻ በሽተኛውን ባለቀለም ወረቀት ታስነክሰዋለች፤ ቀለሙ የበረታበት ቦታ ከፍ ብሏል ማለት ነውና ይሞረዳል። መሰርሰር የሐኪሙ፣ መሙላት የባለሙያዋ። ደንቡ ላይ ሲያነቡት ሸጋ ክፍፍል ነው። ችግሩ፣ እሷ ከከደነችው በኋላ ያንን ጉድጓድ ተመልሶ የሚያየው የለም።

ለዚህ ነው ተማሪዎቿን ከሁሉ አስቀድማ መንካት የምታስተምራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥርስ የሚባል ነገር አታሳያቸውም። ትሪ ይዛ ትገባለች፤ ትሪው ላይ የሳሙና ቁራሽ፣ የሻማ ሰም፣ የሸክላ ስባሪና ታጥቦ የደረቀ አጥንት ተደርድሯል። ዓይናቸውን በፎጣ አስራ፣ ጫፏ የተቆለመመ ቀጭን የመፈተሻ መርፌ ታስጨብጣቸዋለች።

"ንኩት" ትላለች። "ምንድን ነው?"

ሳሙና መርፌዋን ጨብጦ ይይዛታል። ሰም ትንሽ ይዞ ይለቃታል። አጥንት ግን አያስገባትም፤ ቋ አድርጎ ይሸኛታል። ጤነኛ ጥርስ እንደ አጥንቱ ነው፤ የነቀዘው እንደ ሳሙናው። ዓይን ይሸወዳል፤ ጠቁሮ ጠንካራ አለ፣ ነጥቶ የላሸቀ አለ። "ሳሙና ይመስለኛል" ያለ ተማሪ ወዮለት። "ይመስለኛል የሚባል ጥርስ አላውቅም፤ እንደገና ንካ" ይባላል። ይህን ቃል ከማብዛቷ የተነሳ ከጀርባዋ ስሟ "ንኩት" ሆኖ ቀርቷል። ንኩት መጣች፤ ንኩት ዛሬ ተነስቶባታል። ሰምታለች፤ ግድም አልሰጣት። በዚያው ኮሪደር ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው አስተማሪዎች ሞልተዋል።

ሳሙናውን የምትቆርጠው እህቷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ዓይኗ ሲደክም የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና እታናሿ ቤት ገባች። ሥራ መፍታት አይሆንላትም። ትምህርት ሲከፈት ሳሙናውን በአውራ ጣት ልክ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበላለጥ ቆርጣ በካርቶን ትደረድርላታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃለች።

"ይሄ ሁሉ ሳሙና ለምንድን ነው? ልብስ ልታሳጥቢያቸው ነው?"

"ለስላሳውን ከጠንካራው እንዲለዩበት ነው።"

"አንቺ ትለያለሽ?"

"እለያለሁ።"

"ጥሩ ነው" ብላ እህትየው ወደ ቢላዋዋ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታናሽየዋ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አዲስ ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። እህቷ ለጥርሷ መጣች፤ እቤት ሐኪም እያለ ሌላ ቦታ ምን ያንከራትተኛል ብላ። የክሊኒኩ ዶክተር እጁ ፈጣን ነው፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሰው ሲያመው ማየት አይወድም፣ ሕፃናትን ያጫውታል፤ ግን ጊዜ ያባክናል ብሎ የሚያስበውን ሰው አይምርም። በዚያው ሳምንት ስለ አንድ ጉድጓድ ጠይቃው "እኔ እሰረስራለሁ፣ አንቺ ትሞያለሽ፤ መሃል ላይ ጥያቄ የለም" ብሏት በሰው ፊት አሸማቅቋታል። የእህቷን ጥርስ ሰርስሮ ወደ ሌላው ወንበር ዞረ። እሷም ከመሙላቷ በፊት መርፌዋን ጉድጓዱ ሥር አስነካች። መርፌዋ ተያዘች።

ቆመች። የዶክተሩን ጀርባ አየች። ውጭ የሚጠብቀውን ሰልፍ አሰበች። አዲስ ገብታ ዶክተሩ ጥርስ ውስጥ መግባትም አልፈለገችም። ሞላችው። አቤት ሲያምር! ያን የመሰለ ሙሌት ከዚያ በኋላም ሠርታ አታውቅም። በዓመት ከሁለት ወሩ የእህቷ ፊት እንደ ድንች አበጠ፤ ጥርሱ ተነቀለ፤ ጎረቤቱ ጥርስም ተከተለው። እህትየው ደግሞ ፋሻዋን ነክሳ "ያንቺ እንኳ ሥራ ቆንጆ ነበር" አለቻት። ከየኔታ አለንጋ ይልቅ እንዲህ የሚገርፈው የራስ ሆድ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የድሮ ሰዎች። ጥርስ ያልሞላ ሰው ያወጣው ተረት ነው።

ያው ዶክተር ዛሬ ፀጉሩ ነጥቷል። በሳምንት ሁለት ቀን የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ እየመጣ ለተማሪዎች ይሰረስራል። ስድስቱን ወንበር በአንድ ትንፋሽ ስለሚያዳርስ ተማሪዎች "ባቡሩ" ይሉታል። ያንን ቀን አያስታውሰውም። ምን ብሎ ያስታውሰዋል፤ ለእሱ እንደማንኛውም ቀን ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ተማሪ፣ ስድስት በሽተኛ፤ የተሰጠው ጊዜ ሰባ ደቂቃ። አራተኛው ወንበር ላይ ያለችው ተማሪ ቅጽል ስሟ "ኤሊ" ነው። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ግን አትቸኩልም። አምና በሰዓት ብቻ ወድቃለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ሦስተኛ ዕድል የለም፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ነው። የምትሞላለት በሽተኛ ጥፍሩ ሥር የመኪና ግራሶ የቀረ መካኒክ ነው፤ አፉ ላይ የጎማ ሽፋን ተወጥሮበት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ባቡሩ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተነስቶ ስድስቱንም ሰርስሮ ጨረሰ። ተማሪዎቹ የብረት ቀበቶውን ጥርሶቹ ላይ ማሰር ያዙ። ኤሊ መርፌዋን አስገባች፤ አወጣች፤ እንደገና አስገባች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሌሎቹ መብራት ማብራት ጀመሩ፤ እሷ ንቅንቅ የለም። አስተማሪዋ ከጥግ ሆና አየቻትና አላስችላት አለ።

"ምን እየጠበቅሽ ነው?"

"ሥሩ ሳሙና ነው፣ ቲቸር።"

"ለዶክተሩ ንገሪው።"

"ነገርኳቸው። ጨርሻለሁ፣ ሙይ አሉኝ።"

"አንቺስ?"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነበር። "ሁለቴ ነካሁት። ልሞላው አልችልም።"

ዶክተሩ ሁለተኛው ወንበር ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ያው ጀርባ ነው፤ ትንሽ ጎብጧል እንጂ። ለልጅቷ "ሙይውና ጨርሺ" ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ ታልፋለች፣ ዶክተሩ አይቀየምም፣ መካኒኩም ደስ ብሎት ይሄዳል። ዓመት ከሁለት ወር ሰላም ይሆናል። ጓንት አጠለቀች። መርፌዋን ከተማሪዋ እጅ ተቀብላ ጉድጓዱ ሥር አስነካች። ተያዘች። ዓይን መጨፈንም አላስፈለጋት።

"ዶክተር" አለች። "ይምጡና ይንኩት።"

"ነክቼዋለሁ እኮ" አለ ሳይዞር።

"እንደገና ይንኩት።"

አንዱ ተማሪ የያዘው መብራት ጊዜው አልቆ ጢጥ ጢጥ አለ። ዶክተሩ ዞሮ አያት፤ መጣ፤ ተቀመጠ፤ ነካው። አንዴ። ከዚያ ሁለተኛ። መሰርሰሪያውን አነሳና ሁለት ደቂቃ ያህል ሠርቶ፣ ራሱ መልሶ ነካው፤ አሁን ቋ አለ።

"አሁን ሙይ" አላት ለልጅቷ፤ ተነስቶም ሄደ።

ኤሊ የጨረሰችው ሰዓቱ ካለቀ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። አስተማሪዋ የፈተናውን ቅጽ አውጥታ "ጉድጓዱ ለመሙላት ዝግጁ የሆነበት ሰዓት" የሚለው ላይ ዶክተሩ ለሁለተኛ ጊዜ የተነሳበትን ደቂቃ ጻፈች። እውነት ነዋ፤ ከዚያ በፊት ዝግጁ አልነበረም። በዚያ ስሌት ልጅቷ ስድስት ደቂቃ ተርፏት አልፋለች። መካኒኩ አፉ ሲፈታለት መጀመሪያ የተናገረው፣ "እኔም ጋራዥ ሞተሩን ሳያጸዳ የሚገጥም አንድ ሰው ነበረ። አሁን ታክሲ ይነዳል" የሚል ነው።

ዶክተሩ መታጠቢያው ጋ አገኛት። እጁን በሳሙና እያሸ፣ "በተማሪ ፊት ባታደርጊው ጥሩ ነበር" አላት።

"ተማሪ በሌለበትም አንድ ቀን ነበረ፣ ዶክተር። ያን ቀን ዝም አልኩ።"

የትኛውን ቀን ብሎ አልጠየቃትም። ፎጣ ስቦ እጁን አደራረቀና፣ ቀስ ብሎ "ቀጥሎ ስትጠሪኝ ቶሎ እመጣለሁ" አለ። ለእሱ ይሄ ብዙ ነው።

ተማሪዋ ደግሞ ዕቃዋን ሰብስባ በሩ ጋ ትጠብቃት ኖሯል። "ቲቸር፣ እርስዎም ደርሶብዎት ያውቃል?"

"አዎ።"

"ምን አደረጉ?"

አስተማሪዋ ልትዋሽ አፏን ከፍታ ነበር። "ሞላሁት" አለች። ይህችን ቃል በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጮክ ብላ ስትናገራት የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ተሰናብታ ሄደች።

እቤት ስትደርስ እህቷ ምሳ አቅርባ ጠበቀቻት፤ ሾርባ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል። እህትየው ዳቦዋን ሾርባ ውስጥ ነክራ በግራ ጎኗ ታኝክ ጀመር። ታናሽየዋ ማንኪያ አነሳች፣ አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ያ የቀኝ ጥርስሽ" አለች። "ስሞላው ሥሩ ለስላሳ ነበር። ነክቼው ነበር። እያወቅኩ ነው የሞላሁት።"

እህትየው የጎረሰችውን እስክትውጥ ቆየች። "አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"እጅሽ ቆመ። የደነዘዘው አፌ ነው እንጂ ዓይኔ መች ደነዘዘ? መርፌዋን ከተትሽ፣ ቆምሽ፣ የሰውየውን ጀርባ አየሽ። ከዚያ ሞላሽው። ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጅ ለምን እንደሚቆም አላጣውም።"

ታናሽየዋ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽ?" አለች።

"አንቺስ?"

አለቀሰች፤ ሆዷ ውስጥ የከረመ ልቅሶ ስለሆነ ቶሎ አላባራም። እህትየው አላባበለቻትም። ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን በሳህን ከደነችላት።

"ሳሙናውንስ?" አለች ታናሽየዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። "እያወቅሽ ነው ስትቆርጪልኝ የኖርሽው?"

"ሳሙናው ለሰው ጥርስ ነዋ። የኔማ አንዴ ሄዷል።" ሳህኑን ገለጠችላት። "በይ ብዪ። ዳቦውንም ወዲህ በይልኝ፤ ቅርፊቱ ግን ያንቺ ነው።"

ታናሽየዋ ቅርፊቱን ገንጥላ ለራሷ አስቀረች፤ ለስላሳውን ለእህቷ ሰጠቻት።