የወንድሜ ኩርፊያ እስከ ፔካ 12

ከለቡ ባቡር ጣቢያ ስነሳ የያዝኩት አንድ ትንሽ ሻንጣና አንድ ከባድ ጉዳይ ነበር። ለልጄ ለሰላማዊት ሽማግሌ ሊላክ ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ለሽማግሌዎቹ መልስ የሚሰጠው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው። ታደሰ ደግሞ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እኔ የአዲስ አበባን የከተማ ባቡር መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። "ጭነታችንን ባቡር ወሰደው" ብሎ አኩርፏል። የእኔ ባቡር የሚጭነው ሰው ነው ብል ማን ሰምቶኝ!

ድሬዳዋ አድሬ በማግስቱ ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ወረድኩ። ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ወደ ኋላዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝ። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አንዱን የሚኒባስ ሹፌር፣ "የከተማው ባቡር በየት ነው?" አልኩት። ሰውዬው ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ግን የድሬዳዋ ልጅ ያስመስለዋል።

"የከተማ ባቡር?" ብሎ ሳቀ። "እዚህ ባቡር የሚያውቀው ወደብ ብቻ ነው። ግባ፣ ምኒልክ አደባባይ ወርደህ ሌላ ትይዛለህ።"

እኛ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ መስመር እንደምንቀይረው መሆኑ ነው። አደባባዩ ላይ በመቶ ፍራንክ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ። ሱቆቹ ለቀትር ዕረፍት ተዘግተዋል። ከዚያ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተደርድረው ጭነት ወደሚጠብቁበት ፔካ 12 ሄድኩ።

ፔካ 12፣ ዘጠኝ ሰዓት

ታደሰ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ መኮሮኒ ሲቀቅል አገኘሁት።

"በምን መጣህ?" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

"በባቡር።"

ድስቱን አወረደ። መኮሮኒውን በድስት ክዳን ላይ ገለበጠና ወደ እኔ ገፋው። "ብላ። መንገደኛ ሳይበላ ጉዳዩ አይጠየቅም።" የሹፌሮች ደንብ ነው፤ የተኳረፈም አብሮ ይበላል። ከበላን በኋላ ነገርኩት።

"ሰላሚ? ያቺ ጋቢና ውስጥ መሪ ካልያዝኩ እያለች ታለቅስ የነበረችው?" ዓይኑን በፎጣ ጠረገ።

"አዎ፣ ወንድም ጋሼ። ያላንተ ማን መልስ ይሰጣል?"

"የመመለሻ ትኬትህን ተዋት። በእኔ መኪና ትሄዳለህ።"

ቃሊቲ

ማዳበሪያ ጭነን በሦስተኛው ቀን ቃሊቲ ደረስን። ከባድ መኪና በቀን ወደ መሀል ከተማ አይገባም፤ ታደሰ ሳይወድ በግዱ የከተማ ባቡር ተሳፈረ። ተጨናንቀን ቆመናል። ባቡሩ መሀል መንገድ ላይ ቆም ሲል አንዲት ሴት ሹፌሩን መርገም ጀመረች።

"ሹፌር አይሰደብም፣ እመቤት!" አለ ታደሰ፣ ሰው ሁሉ ዞር እስኪል። "ከፊቱ ያለውን አንቺ አታዪም። ወንድሜም ሹፌር ነው።"

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ኩርፊያ በስልክ እንደማይፈታ የገባኝ ያኔ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ታደሰ ሹፌር ብሎኝ አያውቅም ነበር።