እስከ ዓይኖቿ ድረስ

ልጄ ሕይወት ዩኒቨርሲቲ ገብታ በኮምፒውተር ሥዕል መሥራት ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ምሳ በሰዓቱ የሚበላ ሰው የለም። ባለፈው እሑድ ላፕቶፗን ከሽሮው ድስት አጠገብ አስቀመጠችና «አባዬ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ» አለችኝ። ለክፍሏ የምታቀርበው ዲጂታል ሥዕል ነው። ጨለማ ዋሻ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ፊት ፊት ክራር የመሰለ ነገር ያነገተ ሰው፣ ከኋላው ነጭ የለበሰች ሴት። ሰውዬው አንገቱን ሊያዞር ትንሽ ቀርቶታል።

«የግሪኮች ተረት ነው» አለች። «ሚስቱ ትሞትበታለች። ሙታን አገር ድረስ ወርዶ በዜማው ያራራቸዋል። ‹እሺ፣ ከኋላህ ትከተልሃለች፤ ግን ብርሃን ላይ እስክትወጡ ዞረህ እንዳታያት› ይሉታል። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ይዞራል። በቃ፣ እዚያው ትቀራለች።» እንጀራዋን እየጠቀለለች ትንሽ አሰበች። «እኔ ግን ያናድደኛል። ምን አስቸኮለው?»

ያን ተረት እሷ ሳትወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሠርቼውም አውቃለሁ፤ እዚሁ ደሴ፣ በኮምፒውተር። ለሕይወት ቀርቶ ለእናቷም ተናግሬው አላውቅም።

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ አሥር ዓመት አልፎት፣ ባጃጅ የደሴን ዳገት ገና መልመድ የጀመረበት ዘመን ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አያሌው ዕድሜያቸውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የገዙት ጎረቤት ስለገዛ ነው። እኔ ደግሞ የሦስት ወር ኮርስ ወስጄ ራሴን እንደ መሐንዲስ የምቆጥር ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራችን ሙሽሮችን ቆርጦ ፏፏቴ ፊት መለጠፍ፣ ከጉርድ ፎቶ ላይ ብጉር ማጥፋት፣ አረብ አገር ያለችን ሚስት አምጥቶ ባሏ አጠገብ ማቆም ነበር። ኮምፒውተር የማይችለው ነገር ያለ የሚመስለው ሰው አልነበረም። እኔም አይመስለኝም ነበር።

ተረቱን ያገኘሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የግሪኮቹ ስም አፌ ላይ አልገባ ስላለኝ «ክራረኛው» እና «ሚስቱ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ከሙሽራና ከፏፏቴ ሌላ ነገር መሥራት እንደምችል ለዓለም ላሳይ ፈለግሁ፤ ዓለም ማለት ያኔ ለእኔ ከሸዋበር እስከ ፒያሳ ነው። ለክራረኛው የራሴን ጀርባ አስነሳሁ። ለሚስቱ ጦይባን ለመንኳት።

ጦይባ ከፎቶ ቤታችን አጠገብ በአጎቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከቢስቲማ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ጨርቅ ስትለካ እንኳ አፏ አያርፍም። ወድጃት ነበር። በየቀኑ ክር ልገዛ ስገባ ጋሽ አያሌው «ዛሬም ክር አለቀብህ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሷ እስላም እኔ ክርስቲያን መሆናችንን ሰበብ ማድረግ እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ፈሪ ነበርኩ።

የሱቁ ዕቃ ማስቀመጫ ከመሬት በታች ነበር፤ ስድስት ደረጃ ይወረዳል። እዚያ ታች አቁሜያት፣ ብርሃን ከላይ ግንባሯ ላይ ሲወድቅ፣ ወደ እኔ እየወጣች፣ ፊልም በሌላት በአዲሷ ዲጂታል ካሜራችን ላነሳት ነው ሐሳቤ። ተረቱን ስነግራት ጣቃውን ጥላ ሳቀች።

«ወላሂ ሞኝ ነው ሰውዬው» አለች። «ሴትዮዋም ሞኝ ናት። እኔ ብሆን ከኋላው እያወራሁ ነበር የምሄደው። ‹አለሁ፣ አለሁ› እያልኩ። ድምፄን እየሰማ ምን ሊያይ ይዞራል?»

ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ አንድ ነገር አስማለችኝ። ፎቶ ቤቶች ያማረ ፎቶ ሲያገኙ አሳድገው መስተዋቱ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ስንቷ ልጅ ሳታውቅ ተሰቅላ ከቤተሰብ ተጣልታለች። «ወረቀት ላይ እንዳታወጣኝ» አለችኝ። «አጎቴ መስተዋታችሁ ላይ ተሰቅዬ ካየኝ በነጋታው ቢስቲማ ነኝ። እዚያው ሳጥንህ ውስጥ ልቀመጥ።» ሳጥን የምትለው ኮምፒውተሩን ነው። ማልኩላት፤ መሐላዬንም ጠበቅሁ። አንዲት ቅጂ እንኳ አላተምኩም። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የያዝኩት ቃል የለም፤ የጎዳንም እሱ ነው።

ሥዕሉን ለመጨረስ አንድ ወር ፈጀብኝ። ጋሽ አያሌው አንድ ቀን መነጽራቸውን አውልቀው አዩትና «ይቺ ልጅ ከዚህ ጉድጓድ ወጥታ አንተ ዘንድ ብትደርስ ምን ልትላት ነው?» አሉኝ። ወደ ስክሪኑ ዞሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሰኔ ላይ አጎቷ ሱቁን ወደ ኮምቦልቻ አዛወረ፤ ጦይባም አብራ ወረደች። በክረምቱ ሁለት ጊዜ ጉዳይ ፈጥሬ ሄድኩ። ደሴን ጭጋግ ውስጥ ትተዋት የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሙቀቱ በሚኒባሱ መስኮት ይገባል፤ ሹራቡ መንገድ ላይ ይወልቃል። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ከሱቁ ደጃፍ ቆመን የተጠበሰ በቆሎ በላን። «ሳጥንህ ውስጥ እንዴት ነኝ?» አለችኝ። «ደህና ነሽ» አልኳት። ውሸት ነበር። መብራት በፈረቃ የሚሄድበት ጊዜ ነበርና፣ ከሳምንት በፊት መብራቱ ሲመለስ በኃይለኛው መጥቶ የኮምፒውተሩን ዲስክ ገድሎታል። ጋሽ አያሌው አዲስ ዲስክ ገዝተው ሥራ ቀጥለናል፤ አሮጌው ዲስክ፣ ጦይባ ያለችበት፣ መሳቢያ ውስጥ ተወርውሯል። ይጠገናል ብዬ ነው እንጂ ልዋሻት አልነበረም። የተበላውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዛ እስከ መናኸሪያው እያወራች ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

የግሪኳን ሴት እባብ ነው የነደፋት፤ ጦይባን ቢምቢ። ጥቅምት ላይ ወባ ያዛት፣ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ አሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቢስቲማ ወስደው ቀበሯት። እኔ የሰማሁት ከአራት ቀን በኋላ፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ከመጣ ነጋዴ አፍ ነው። አገጩን ቀና እንዲያደርግ እያዘዝኩት ነበር። «የዚህ ጎረቤታችሁ የነበረው የጨርቅ ነጋዴ የእህት ልጅ እኮ ሞተች» አለኝ፤ ቀና ብሎም ጠበቀኝ። ፎቶውን አነሳሁት።

ኅዳር ሲገባ እናቷ መጡ። እማማ ዘሃራ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ከሲታ ሴት፣ ሻሻቸው ልክ እንደ ልጃቸው ወደ ኋላ ገፋ ብሎ የታሰረ። አንድ ፌስታል ሎሚ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም። ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«የጦይባ እናት ነኝ» አሉና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ለታናሽ እህቷ ‹ሥዕሌ ደሴ አለ› ብላት ነበር። አንድ ፎቶ የላትም ልጄ። መታወቂያም ገና አላወጣችም። እኔ ደግሞ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ጠዋት ስነሳ አፍንጫዋን አጣዋለሁ፣ ሲረፍድ አገጯን። አፈር ስሆንልህ፣ አሳየኝ።»

ዲስኩ መበላሸቱን ነገርኳቸው፤ እንደሚጠገንም ቃል ገባሁ። ደሴ ዘመድ ቤት አድረው እንደሚጠብቁ ነገሩኝ። በማግሥቱ ጋሽ አያሌው ዲስኩን በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝና ኮምቦልቻ ሰይድ ዘንድ ወረድኩ። ሰይድ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ ኮምፒውተር የጀመረ ሰው ነው። ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠው፤ ከሌላ የሞተ ዲስክ ከሥሩ ያለውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ፈቶ ገጠመለት፤ ሲፈታ ሲገጥም እኩለ ቀን ሆነ። ድንገት የፎቶዎቹ ስም ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። እልል ልል ስል መብራት ሄደ።

ሰይድ በጨለማው ሱቅ ውስጥ ክንዴን ያዘኝ። «ስማኝ ወንድሜ። ደሴ ዛሬ መብራት አለ፤ ሲዲ መጻፊያም አላችሁ። ይሄ ዲስክ አንድ ጊዜ ይነሳ ይሆናል። ሁለተኛ አልምልልህም። ሲነሳ ምንም ሳትከፍት መጀመሪያ ኮፒ አድርግ። እንዳታያት። ሲዲው ላይ ካረፈች በኋላ እስኪበቃህ እያት።»

ሐረጎን ስንወጣ ዲስኩ ጭኔ ላይ ነበር። ነጠላውን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ። የሰይድ ማስጠንቀቂያ ከየት እንደማውቀው የገባኝ እዚያ ዳገት ላይ ነው። ፈገግ አልኩ፤ ያን ፈገግታ አሁን ሳስበው ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። እኔ እንደ ክራረኛው ሞኝ አይደለሁም፣ አልኩ በልቤ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ነጠላው ውስጥ ሕፃን ያለ መስሏቸው መስኮቱን ዘጉልኝ።

ፎቶ ቤቱ ስደርስ እማማ ዘሃራ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ከእሳቸው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። «ትንሽ ይታገሱኝ» ብያቸው ገባሁ። ዲስኩን ገጠምኩ፤ ባዶ ሲዲ አስገባሁ። ዲስኩ ተነሳ። ስሞቹ ተደረደሩ። ኮፒ ማድረግ ነበር የቀረኝ፤ ጣቴ እዚያ ላይ ነበር።

የቱ ፋይል የእሷ እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ነው፣ ስል ኖሬያለሁ። ፋይሎቹ ቁጥር ብቻ ስለሆኑ፣ ተሳስቼ ሙሽራ እንዳልገለብጥ። ይሄ ውሸት ነው። ቁጥሯን በቃሌ አውቀው ነበር። ጸጥታው ነው የከበደኝ። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ እዚያ ዲስክ ውስጥ ትንፍሽ አትልም፤ «አለሁ» አትልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሁሉ በፊት፣ ለብቻዬ ላያት ፈለግሁ። ከፈትኳት።

ያኔ ፎቶ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ የደረጃው ብርሃን መጣ። ከዚያ አረንጓዴ ሻሿ፣ ግንባሯ፣ ቅንድቧ። ከዚያ ዓይኖቿ፣ ቀጥ ብለው እኔን እያዩ። እዚያ ላይ ቆመ። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም አለ።

አንድ ደቂቃ ያህል ዓይኖቿ ስክሪኑ ላይ ነበሩ። እናቷ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። «እማማ፣ ይምጡ» ብል፣ መጋረጃውን ብገልጥ፣ እስከ ዓይኖቿ ድረስም ቢሆን ያዩዋት ነበር። አልጠራኋቸውም። ከጠራኋቸው ያደረግሁት ይታወቃላ! ላብ ግንባሬን እያጠበው አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሌላውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ መጣች?»

ወጣሁ። ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ሎሚውን እያየሁ ተናገርኩ። «አልሆነም እማማ። ኮምቦልቻም አልተነሳም። ከመጀመሪያውም ሞቶ ነበር።»

ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «አብሽር» አሉኝ። እኔን! «ለፍተሃል ልጄ። አላህ ይስጥህ።» ሊሄዱ ነው ብዬ ስጠብቅ ተመልሰው ተቀመጡ። «አንተ ግን ስታነሳት አይተሃታል። እንግዲያ ንገረኝ። ምን ለብሳ ነበር?»

ነገርኳቸው። አረንጓዴ ሻሿን፣ ደረጃውን፣ ከላይ የሚወርደውን ብርሃን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ዓይኗስ?» አሉ፤ እሱን ከማንም አሳምሬ ነገርኳቸው። «አፏስ? ትስቅ ነበር?»

አፏ ጠፋብኝ። ስንት ወር ሙሉ ሲያወራ ያየሁት አፍ፣ በቆሎ ሲበላ ያየሁት አፍ፣ ያቺ ግማሽ ፊት መጥታ ሸፈነችብኝ። «ትስቅ ነበር» አልኳቸው።

ሎሚውን ትተውልኝ ሄዱ። እሳቸውም ካረፉ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ሰምቻለሁ። ቢስቲማ ሩቅ አይደለም፤ በሕይወት ሳሉ ሄጄ እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር። አልሄድኩም። ዛሬም ጦይባን ሳስብ የምትመጣልኝ እስከ ዓይኖቿ ድረስ ናት።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? አልወደድከውም?» አለች ሕይወት።

ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። በጣም ያምራል፤ ልጄ ከእኔ ትበልጣለች። «አልቸኮለም» አልኳት። «ስስት ነው። መጀመሪያ እኔ ልያት፣ ለብቻዬ ልያት ብሎ ነው።» ከዚያ ጣቴን ከዋሻው አፍ ውጭ፣ ብርሃን ብቻ ያለበት ባዶ ቦታ ላይ አኖርኩ። «እናቷንስ የት አደረግሻት?»

«የማንን እናት?»

«የልጅቷን።»

ሳቀች። «እናት እኮ የላትም። ተረቱ ውስጥ የለችም።»

«አለች» አልኳት። «እዚህ በር ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው።»