በአረንጓዴ ክር የተሰፋው ፍራሽ

ጋሽ ጥጥ ይሉታል። ከጥጥ ጋር የሚያገናኘው ግን ፀጉሩ ላይ የሚያርፈው ብናኝ ብቻ ነው እንጂ አመሉስ እሾህ ነው። ቅዳሜና እሁድ አሮጌው ሰፈር ለመኪና ተዘግቶ ገበያ ሲሆን፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ሸራውን ያነጥፍና የሰው ፍራሽ እየዘረገፈ ይደበድባል። የረጋ ጥጥ በዱላ ካልተመታ አይፍታታም። ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ፍራሽ አሸክሞ መጣና ቶሎ አድስልኝ፣ ገዢ አግኝቻለሁ አለው። ጋሽ ጥጥ ስፌቱን ሊተረትር ምላጩን ሲያስጠጋ እጁ ቀጥ አለ። ክሩ አረንጓዴ ነበር። በአረንጓዴ ክር የሰፋው አንድ ፍራሽ ብቻ ነው፤ እሱም ለሴት ልጁ ሰርግ የሠራው። ማን ሸጠልህ ቢለው፣ ላይ አሮጌው የከተማ በር ጋ ጫማ የሚሸጠው ጎረምሳ ነው አለ። የገዛ አማቹ ማለት ነው።

ቸግሯቸው ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ከዚያ ፍራሹን ገለበጠው። ትራስ በሚያርፍበት በኩል ደም ጨርቁን አልፎ ጥጡን እንደ ድንጋይ አድርቆታል። ልጁ ሰሞኑን ዓይኗን ሳታሳየው ከርማለች፤ ሲደውልላትም ጉንፋን ይዞኛል ነበር የምትለው።

ዱላውን ይዞ ተነሳ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ጠባቡን መንገድ ሽቅብ ሲወጣ የሰዓት ሠሪውን ጠረጴዛ ገጭቶ ዕቃውን በተነው፤ ከአሮጌዎቹ ቤቶች የእንጨት ሰገነት ሥር ቆመው ፎቶ የሚነሱትን እንግዶች ገፍትሮ አለፈ። አንድ ወዳጁ ምን ነካህ ብሎ ሊይዘው ቢል ደረቱን በክርኑ አለው።

አማቹ ለደንበኛ ጫማ እያስለካ ነበር።

«ፍራሹን ለምን ሸጥከው?»

«የሸጥኩት የራሴን ዕቃ ነው፣ አባባ። እርስዎ ምን አገባዎት?»

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አፉ ላይ። ጥርሱ ከነደሙ ጫማዎቹ መሀል ወደቀ። ጎረምሳው እየዳኸ ሊያመልጥ ሲል ጀርባውን ደገመው፣ ጎኑን ሠለሰው። ገበያተኛው ከበበ እንጂ የሚገላግል አልተገኘም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ያላቸውም ነበሩ። ጋሽ ጥጥም ደስ ብሎታል። ልጁን ያደማው እጅ ሲሰበር መስማት ፈልጎ ዱላውን ከፍ አደረገ።

ልጁ ከጫማ ሱቁ ጓዳ ሮጣ ወጥታ መሀላቸው የገባችው ያኔ ነው። የተሰነዘረ ዱላ አይመለስም፤ የክንዷ አጥንት ሲሰበር ቋው አለ። ሻሿ ወለቀ። ግንባሯ ላይ ገና ያልደረቀ ቁስል ነበር።

ዱላውን ጣለና ልጄን፣ ልጄን እያለ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። እሷ ጤነኛ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋርዳ ተኮራመተች። ሟች ሚስቱም እሱ ሰክሮ ሲገባ እንዲህ ነበር የምትኮራመተው። ልጅቷ ያኔ ሕፃን ስለነበረች አታስታውስም እያለ ነው የኖረው።

«እማዬን እንዲህ ስታደርጋት አይቻለሁ» አለችው። «ሂድ፣ አባዬ። አትንካኝ።»

አማቹ የደማ አፉን በእጅጌው ጠርጎ በብብቷ ገብቶ አነሳት። ጋሽ ጥጥ ልጁ ያው ያደማት እጅ ደግፏት ወደ ውስጥ ስትገባ ቆሞ አየ። ተዋት ሊለው ከጅሎ የገዛ እጁን አየና መንገዱን ቁልቁል ወረደ።