የአጎቴ ካንዴላ

ባለፈው ሳምንት ከጀሞ ወደ ለቡ መብራት ኃይል ስሄድ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቆመብንና ሾፌሩ ከፊት ወንበር ስር ካለው ሞተር አንዲት የጠቆረች ካንዴላ ነቅሎ፣ በሱሪው ጠርጎ፣ ብልጭታ መስጠቷን ሊያይ ሽቦዋን ሲያስጠጋ የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ረዳቱ "አይዞዎት እማማ፣ አሁን ይነሳል" እያለኝ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ልጅ ሳለሁ ላፍቶ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ቤታችን ከማሳው ዳር ሆኖ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። አባቴ ሲሞት የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የመኪና መካኒኩ፣ ሊያጽናናን መጥቶ በዚያው ቀረና የአባቴን ወንበርም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃውንም የራሱ አደረገ። ጠመንጃው ባሩድና እርሳሱ በአፈሙዙ የሚጎረስ፣ ባልጩት ከብረት ተጋጭታ በምትረጨው ብልጭታ የሚተኮስ የጥንት ዕቃ ነው። አጎቴ በአንድ ሽማግሌ ቀብር ላይ ሊተኩስበት ምላጩን ቢስብ ቢስብ እምቢ አለውና ከለቀስተኛው መሃል አንዱ "ክብሪት እናምጣልህ?" ቢለው ነጠላ ያዘቀዘቁት ሁሉ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ያ ሳቅ እንቅልፍ ነሳው። ባልጩቷን አውልቆ በቦታዋ የመኪና ካንዴላ ገጠመ፤ ሽቦ፣ ብልጭታውን የሚያጠነክር ኮይልና ባትሪ ጨመረበትና ከእንግዲህ ዝናብም አያቆመው እያለ በሰፈሩ ዞረ። ባትሪውን የሚሸከም አህያ ከየት እንደሚያመጣ ግን አልተናገረም።

የሙከራው ቀን ጠመንጃውን ጉቶ ላይ አስሮ፣ እሱ ባትሪውን ይዞ ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ ተቀመጠና እኔን ሰደፉን እንድይዝ አቆመኝ።

"ጋሼ፣ እፈራለሁ" አልኩት።

"አንቺ የአባትሽ ልጅ አይደለሽም? ያዢ!"

ሰደፉ መዳፌ ላይ ቀዘቀዘኝ፤ ቀሚሴ መራሱን ያወቅኩት ንፋስ ሲነካኝ ነው። ሽቦውን ከባትሪው ቢያስነካም ጠመንጃው አልተኮሰም። ሽቦው ወልቆ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ እንዳይ ከአጥሩ ጀርባ ጮኸብኝ። ጎንበስ አልኩ። ገና ሳላይ እሱ ሽቦውን ደግሞ አስነካው።

ስነቃ ዓለም ሁሉ ድምፅ አልነበራትም። እናቴ ትከሻዬን ይዛ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ አጎቴ በጣቱ ወደ እኔ ያመለክታል። ሽቦውን የነካካችው እሷ ናት እያለ እንደነበር፣ እናቴም እውነት ነው ወይ ብላ እንደጠየቀችኝ ያወቅኩት በኋላ ነው። ዝም ማለቴን እንደማመን ቆጠሩት። ግራ ጆሮዬ ሲመለስና እውነቱን ስናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም፤ እናቴ ቤቱን በወንድሟ ደሞዝ ነበር የምታቆመው። ቀኝ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ዘመዶቼ ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲሰበሰቡ "ጠመንጃ የነካካችው" እያሉ ይስቁብኛል። ይኸው፣ አልነካሁም።

ከዚያ ወዲህ አጎቴን ሁልጊዜ በቀኜ አስቀምጠው ነበር። ሊሞት ሲል አስጠራኝና ያንኑ ልማዴን ይዤ ቀኝ ጎኔን ሰጥቼው ተቀመጥኩ፤ እሱም ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ብዙ ተናገረ፤ ትንፋሹ ጉንጬን ሲያሞቀው ተሰምቶኛል። ይህን የነገርኳቸው ይቅርታ ጠይቆሽ ይሆናል ይሉኛል። ይሆናል። ማሳው ኮንዶሚኒየም ሆነ፣ እናቴም አልፋለች፣ ያን ቃል የሚደግምልኝ የለም፤ ያን ጊዜ ፊቴን ትንሽ ባዞር ኖሮ እሰማው ነበር፤ አላዞርኩም።