የእትዬ ናፍታሊን ብርድ ልብስ

እትዬ ናፍታሊን የምንላቸው በክፋት አይደለም፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ሲጠሩበትም አቤት ይላሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው። የእሳቸውን ቤትና የእኔን የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። የሱፍ ቁርጥራጭ ሁሉ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በነጫጭ የናፍታሊን ድብልብሎች መሀል ያስቀምጣሉ። በሠላሳ ዓመት ሥራ አንድም ጨርቅ ብል በልቶባቸው አያውቅም። ብል ቀርቶ እንግዳም ብዙ አይቆይም ነበር።

ልጃቸው ልትወልድ ስትል ከዚያው ሳጥን ሱፍ አውጥተው ብርድ ልብስ ሰፉ። ዓይን የሚስብ ስፌት ነበር። ልጅቷ ወንድ ወለደች፣ በአምስተኛው ቀን የሕፃኑ ዓይን ቢጫ ሆነ። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ፀሐይ ይሙቅ ተባለ፤ እኔም ብያለሁ፣ አልክድም። እትዬ በብርድ ልብሱ ጥቅልል አድርገው ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ያሞቁታል። በሰባተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ፣ ሽንቱ ጠቆረ። አባቱ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነበር። እትዬ፣ ልጃቸውና እኔ ሕፃኑን ይዘን ወደ ሆስፒታል በረርን።

ዶክተሯ የደሙን ውጤት አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀይ ደሙ እየፈረሰ ነው፣ ደም አሁኑኑ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን የሚያፈርሰውን አግኝተን ካላራቅነው መፍረሱ አይቆምም አለችን። ከቤተሰቡ እንዲህ የሆነ ወንድ ልጅ እንዳለ ጠየቀች። ልጅቷ ፈጥና የለም አለች፤ ለእናቷ አንድ ናት። እትዬ ግን የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ ይጠመዝዛሉ። ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቅቶታል፣ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ተናደድኩ። የሚያውቁት ነገር ካለ ይናገሩ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «እንዲሁ ቢጫ ሆኖ በዘጠኝ ቀኑ ሞተ። ደሜ ነው ዶክተር። የኔ ደም ወንድ አያሳድግም።»

ልጅቷ ዞራ አየቻቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የደበቋት መውለድን እንዳትፈራ ብለው ነው።

ዶክተሯ ግማሹን ልክ ነዎት አለቻቸው። ቀይ ደምን ከጉዳት የሚጠብቅ አንድ ነገር አለ፤ የእሱ ጉድለት ከእናት ወደ ወንድ ልጅ በዘር ይተላለፋል።

«ግን እናቴ፣ ዘሩ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ብዙ ሰው ይዞት፣ ሳያውቀው ያረጃል። የሚቀሰቅሰው ነገር አለ።» ይህን እያለች ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አለችና ቆም አለች። «ይሄ ሽታ ምንድን ነው?»

የምን ሽታ አልን ሦስታችንም። እውነት አልሸተተንም። ስንት ዓመት አብረነው ኖረን አፍንጫችን ረስቶታል። ዶክተሯ የብርድ ልብሱን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ ስትይዘው ነው የገባኝ።

«ናፍታሊን» አልኩ።

እትዬ የጠራኋቸው መስሏቸው አቤት አሉ።

ዶክተሯ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው አለች። ነርሷ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ፌስታል ውስጥ ቋጠረችው፤ ሕፃኑን አጥባ በሆስፒታሉ ጨርቅ ጠቀለለችው። ደሙ ጠብ ጠብ ሲል እኛ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ቀረን። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተነስተው፣ የፊተኛውም ከዚያው ሳጥን በወጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደነበር ለዶክተሯ ነገሯት። ዶክተሯ «አላወቁም ነበር» አለቻቸው። ማወቅ አለማወቃቸው ግን ያን ጊዜ ምንም አላጽናናቸውም። ልጅቷ ከእናቷ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ጠራ። ጡት ያዘ። ዶክተሯ ከአደጋው ወጥቷል ስትለን እኔ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። እትዬ ግን ከበሩ አላለፉም፤ የለበሱትም ቀሚስ ከዚያው ቤት የወጣ ነውና እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው በሩቁ ያዩታል።

ልጅቷ ቀና አለች።

«ወንድሜ ስሙ ማን ነበር?»

«ስም ሳናወጣለት ነው የሞተው።»

ልጅቷ ሕፃኑን ከአልጋው አንስታ አቀፈችው። ከዚያ ነርሷን ንጹሕ ጋዋን ለመነቻት።

«ቀይሪና ነይ፣ እማዬ» አለች። «ይሄኛውን ያዢው።»